ሐጂ በዳሶ ያልጨረሱት ወሬ

ባለፈው እሁድ የልጅ ልጄ ሳሎን ተቀምጣ ጥፍሯን ቀለም ስትቀባ ያ ኃይለኛ ሽታ እኔ ካለሁበት ድረስ መጣ። እናቷ «ኧረ መስኮት ክፈቺ፣ አባባን አሳመምሻቸው!» ብላ ተቆጣቻት። እኔ ግን አልታመምኩም፤ እንዲያውም ወንበሬን ሳብ አድርጌ ጠጋ አልኩ። ለእኔ ያ ሽታ የጥፍር ቀለም ሳይሆን የስቴንስል ማረሚያ ሽታ ነው። ስቴንስል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ወጣት አንባቢ ላስረዳ። ስቴንስል ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው። የጽሕፈት መኪናውን ሪባን አንሥተው በባዶ ፊደል ሲመቱበት ሰሙ ይበሳና ፊደሉ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ወረቀቱን ማባዣው ላይ ጠቅልለው እጀታውን ሲያዞሩ ቀለሙ በቀዳዳው እየሾለከ ንጹሕ ወረቀት ላይ ይታተማል። ታይፒስቷ ከተሳሳተች ከትንሽ ጠርሙስ ቀይ ፈሳሽ በብሩሽ ነክራ ቀዳዳውን ትደፍናለች፤ ሲደርቅም ትክክለኛውን ፊደል ትመታበታለች። ያ ቀይ ፈሳሽ ልክ እንደ ጥፍር ቀለም ይሸት ነበር። ስለዚህ እሁድ ዕለት አካሌ ሳሎን ቢቀመጥም እኔ አሰላ ነበርኩ።

የዚያን ዘመን አሰላ ብርዷ አይጣል ነበር። የጭላሎ ተራራ ግማሹን ቀን ጉም ተከናንቦ ይውላል፤ ጠዋት ከቤት ሲወጡ ትንፋሽ እንደ ጭስ ይታያል። እኔ የጉለሌ ልጅ ነኝ፤ ብርድ አውቃለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። በሁለተኛው ሳምንት ገበያ ወርጄ ከጉልበቴ በታች የሚወርድ አሮጌ ካቦርት በስምንት ብር ገዛሁ። የቤት ኪራይ በወር አሥራ አምስት ብር ነበር፣ ያውም መስኮቱ ዋናውን መንገድ የሚያይ ክፍል። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ አምስት ሳንቲም፣ ከገበያው እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው በጋሪ ስሙኒ። ቤል ቦተም ሱሪ የመጣው ያኔ ነው፤ እግሩ ሰፊ ስለሆነ የክረምቱን ጭቃ እንደ መጥረጊያ ይሰበስበው ነበር። ቄንጠኛ የሚባል ወጣት ሁሉ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ አፍሮውን ግን አበጥሮ ይታያል። ሴቶቹ ደግሞ ሚኒ ይለብሱና ብርዱ ሲያሸንፋቸው ከላይ የሱፍ ሹራብ ይደርባሉ። ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ሻይ ቤት ነበር፤ ባለቤቱ የሸክላ ማጫወቻ እንጂ ብዙ ሸክላ አልነበረውም። አራት ብቻ። አንደኛው ሳክስፎን ያለበት የፍቅር ዘፈን ሲሆን መሐሉ ላይ ተጭሮ ስለነበር ዘፋኙ አንዷን ስንኝ እየደጋገመ ፍቅረኛውን ይለምናል፤ ከደንበኞቹ አንዱ ተነሥቶ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ ሲያደርግለት ነው ወደ ቀጣዩ ስንኝ የሚያልፈው። የዚያን ጊዜ ፖለቲካ ሌሎች በደንብ ጽፈውታል። እኔ የማስታውሰው የሻዩን ዋጋና ጠረጴዛው የሚመታበትን ቦታ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛና እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ሁለት ጓደኞች ነበሩኝ። አንደኛው ከድር ነው፤ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ የኦጎልቾ ልጅ፣ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ የሚጨርስ፣ ሲስቅ ወንበር የማይበቃው። ሁለተኛዋ ጽጌ ነች፤ የትምህርት ቤቱ ታይፒስት፣ አሰላ ተወልዳ ያደገች፣ ከተማውን በሙሉ የምታውቅ፣ ከከተማውም ማንንም የማትፈራ። ሦስታችን በየአሥራ አምስት ቀኑ «ከጭላሎ ሥር» የምትባል ባለ ሁለት ገጽ ጋዜጣ እናወጣ ነበር። እኔ እጽፋለሁ፣ ከድር ወሬ ያመጣል፣ ጽጌ ስቴንስሉን ትመታለች። ሲታተም ለተማሪዎቹ አድለን የቀረውን በትምህርት ቤቱ በር፣ በፖስታ ቤቱ ግድግዳ፣ በሻይ ቤቱና በአውቶቡስ መናኸሪያው እንለጥፋለን። የእህል ዋጋ፣ የኳስ ውጤት፣ የጠፋ በቅሎ፣ የተከፈተ ሱቅ፣ ሁሉም አለባት። ክፍል ውስጥ ደግሞ ጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን ብዬ ጽፌ «አይጠፋ» የሚል ማሳሰቢያ አጠገቡ አስፍሬያለሁ። ተማሪዎቼ እነዚህን አምስቱን እስኪሰለቹ ድረስ አስተምሬያቸዋለሁ። ሁሉንም ነገር በቅደም ተከተል ማስረዳት እወድ ነበር። ዛሬም እንደዚያው ነኝ፤ ቤተሰቤ ምስክር ነው።

ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል ባሕር ማዶ ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ፖስታ መጣልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ በጋዜጠኝነት እንድማር አመልክቼ ነበር፤ ነፃ የትምህርት ዕድሉ ተፈቅዷል፣ ነገር ግን የሚጸናው አንድ ቅጽ ሞልቼ ስመልስና የመረጥኩት ክፍል ሲቀበለኝ ነው። ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥኖች ነበሩ። አንደኛው የሙያው መስመር ነው፤ ዜና መሰብሰብ፣ ቃለ መጠይቅ፣ አርትዖት፣ ከዚያም ስድስት ወር እውነተኛ ዝግጅት ክፍል ውስጥ መሥራት። ሁለተኛው የጥናቱ መስመር ነው፤ ወሬ በሕዝብ መካከል እንዴት እንደሚሄድ፣ ሰው የሰማውን ለምን እንደሚያምንና እንደማያምን ማጥናት፣ በመጨረሻም የምርምር ጽሑፍ ማቅረብ። የመጀመሪያውን የመረጠ ጋዜጠኛ ይሆናል፤ ሁለተኛውን የመረጠ መምህርና ተመራማሪ። ከሳጥኖቹ በታች «ለምን እንደመረጡ ያስረዱ» የሚል መመሪያና አሥር ባዶ መስመር አለ። ከዚያ በታች ደግሞ ምርጫው አንዴ ከተላከ እንደማይቀየር፣ ግንቦት ሳያልቅም ፖስታ ቤት መግባት እንዳለበት ተጽፏል። የዕድሜዬ ሙሉ ሥራ በአንድ ምልክት ሊወሰን ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር።

ቅጹን ሻይ ቤት ይዤው ሄድኩ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ጋዜጣ መጽሐፍ አንብበህ፣ ከዚያ አንተም ስለ ጋዜጣ መጽሐፍ ልትጽፍ?» አለ ከድር ሁለተኛውን ሳጥን በጣቱ እየወጋ። «ታምሬ፣ ይሄ እኮ ስለ ሥጋ አጥንተው ሥጋ ሳይቀምሱ መሞት ነው።»

«አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ሥጋ ታደርገዋለህ» አለች ጽጌ።

«ሙያውን ይምረጥ ነው የምልሽ! አዲስ አበባ ይገባል፣ ስሙ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ እኛም እናውቀዋለን እያልን እንኮራለን።»

«ስሙማ አሁንም ይወጣል። በየአሥራ አምስት ቀኑ የምመታው እኔ አይደለሁ? በአንድ እትም ሦስት ቦታ።»

(ይህን ስጽፍ ጽጌ ከትከሻዬ በላይ አንብባ «አራት ቦታ ነበር» ብላኛለች። አርባ ምናምን ዓመት በትዳር የኖረ ሰው በዚህ አይከራከርም።)

ለነገሩ እኔም ልቤ ወደ ሙያው ነበር። የመጀመሪያው ሳጥን ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። በቀለም ከማጽናቴ በፊት ግን ራሴን ልፈትን ብዬ ወሰንኩ፤ አንድ እውነተኛ ዘገባ፣ ከከተማ ወጥቼ፣ በራሴ እግር ሄጄ እሠራለሁ። ከተሳካልኝ ጋዜጠኛ ነኝ ማለት ነው። በዚያው ሰሞን ዴራ ያለው የውሃ ፓምፕ ነገር ይወራ ስለነበር እሱን መረጥኩ። አንዱ ቆሟል ይላል፣ ሌላው ይሠራል ይላል። ከድር የፈተና ወረቀት ላይ ስለነበር አብሮኝ መሄድ አልቻለም። «የእናቴ ወንድም ሐጂ በዳሶ እዚያ ናቸው፣ አማርኛም ይችላሉ፣ ሁሉን ይነግሩሃል» አለኝ። በሩ ላይ ስደርስ ደግሞ «ሐጂን አታስቸኩላቸው» ሲል ጮኸ። ለሽማግሌ ክብር ስጥ ማለቱ መስሎኝ «እሺ» አልኩ።

ከአሰላ ዴራ በአውቶቡስ አንድ ብር ነበር። መንገዱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ስንዴው እየሳሳ፣ ግራሩ እየበዛ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። ዴራ ስወርድ ካቦርቴን አውልቄ እንደ በግ ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ ነበር፤ መንገድ ዳር የተቀመጡ ሰዎች ሳቁብኝ። ሐጂ በዳሶን ከእህል ሱቃቸው ፊት ለፊት ግራር ሥር አገኘኋቸው። ቀጭን፣ ነጭ ጺማቸው የተስተካከለ፣ ቃላቸውን እንደ እህል መርጠው የሚያወጡ ሰው ናቸው።

«ሰላም ነህ ወይ ልጄ? አባትህ ሰላም ናቸው? እናትህስ? ከድር ሰላም ነው? አሰላ ዝናብ አለ?»

«ሁሉም ደህና ነው ሐጂ። የመጣሁት ስለ ፓምፑ ልጠይቅዎ ነው።»

«እንጫወታለን። መጀመሪያ ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ፤ ደብተሬን ከፈትኩ። ሐጂ ስለ በልጉ ዝናብ ነገሩኝ፤ ዘግይቷል፣ በላይ በኩል ግን ሣር ይዟል። ስለ ከብቱ ነገሩኝ፤ ዘንድሮ በሽታ አልገባም። ስለ አንድ ጎረቤታቸው ልጅ ሠርግ ነገሩኝ። ሰዓቴን አየሁ። ከናዝሬት የሚመለሰው አውቶቡስ ካመለጠኝ ማደሬ ነው። በመጨረሻ ወደ ፓምፑ መጡ።

«ያ ፓምፕ ሲመጣ ሴቶቻችን እልል አሉ። በፊት አዋሽ ድረስ ነበር የሚወርዱት፤ ጠዋት የሄደች ከቀትር በኋላ ነው የምትመለስ። ፓምፑ መጣና ጀርባቸው አረፈ። ሕፃናቱ ታጥበው ቁርአን ቤት ሄዱ። ያመጡልንን ሰዎች አላህ ይስጣቸው።»

እጄ እስኪያመኝ ጻፍኩ። እንዴት ያለ ጥቅስ! ሕፃናቱ፣ የሴቶቹ ጀርባ፣ አዋሽ። በዚህ መሐል ጥሩምባ ተነፋ።

«ሐጂ፣ አውቶቡሱ መጣብኝ።»

«ቆይ እንጂ፣ ገና ነን። ወተት ይምጣልህ።»

«ሌላ ጊዜ እጠጣለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ሐጂ አንዴ እኔን፣ አንዴ አውቶቡሱን አዩ። «እሺ ልጄ፣ ሰላም ግባ» አሉ። ፓምፑ ራሱ ከመንደሩ ጀርባ፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ነበር። አላየሁትም።

ዘገባዬ «የዴራ እናቶች ጀርባ አረፈ» በሚል ርእስ አርብ ዕለት በአራቱም ግድግዳ ላይ ዋለ። ሰኞ ጠዋት የአውራጃው ውሃ ክፍል ኃላፊ ፖስታ ቤቱ ግድግዳ ሥር ባርኔጣቸውን ይዘው ሲያነቡ አገኘኋቸው። «ጥሩ አደረግህ» አሉኝ። «ያለችን አንድ የጥገና መኪና ናት። ዴራ እንላካት ወይስ አርቦዬ እያልን ስንጨነቅ ነበር። እንግዲያው አርቦዬ ትሂድ።» እጄን ጨብጠውኝ ሄዱ። በጽሑፌ መኪና መንገድ ቀየረ! የዚያን ሳምንት ቅጹን አወጣሁና በእርሳስ ያደረግሁትን ምልክት በቀለም አጸናሁ። አሥሩንም መስመር ሞላሁ፤ ጋዜጣ አዘጋጅ መሆኔን፣ ዘገባዬ ባለሥልጣን እንዳስወሰነ፣ ሌላም ሌላም። ፖስታውን አሽጌ አርብ ዕለት ፖስታ ቤት ስደርስ የባሕር ማዶው ቴምብር አልቋል፣ ሰኞ ና አሉኝ።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ክፍሌ ውስጥ ወረቀት ሳርም በሩ ተንኳኳ። ከድር ነበር፤ ከኋላው ሐጂ በዳሶ፣ ብርዱን በጋቢ ተከላክለው። አስገባኋቸው፣ ያለችኝን አንዲት ወንበር ሰጠኋቸው፣ ሻይ አስመጣሁ። ሐጂ ስለ ጤንነቴ ጠየቁ፣ ስለ ወላጆቼ ጠየቁ፣ ተማሪዎቼ ሰላም እንደሆኑ ጠየቁ፣ መስኮቱን እያዩ የአሰላን ዝናብ አመሰገኑ። ዛሬ የሚነፋ ጥሩምባ ስለሌለ እኔም አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ በእርጋታ መለስኩላቸው። ሻዩ አለቀ። ሐጂ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ያን ቀን ወሬዬን ሳልጨርስ ተነሣህ። ልጨርስልህ ነው የመጣሁ።»

ከድር አንገቱን ቀለሰ።

«አንተ በመጣህ ጊዜ ፓምፑ ከቆመ ስድስት ቀኑ ነበር። ሴቶቻችን እንደገና አዋሽ ይወርዳሉ። አሁንም እየወረዱ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር መንገድ ላይ ወድቃ ነበር፤ እሷ ተርፋለች፣ እንስራዋ ተሰብሯል። ወረቀትህን የዴራ አስተማሪ አንብቦላቸዋል።»

«ምን አሉ?» አልኩ።

«ሳቁ። ከዚያ እንስራቸውን አዝለው ወረዱ።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሐጂ ምንም አልዋሹኝም፤ የነገሩኝ ሁሉ እውነት ነው። ፓምፑ ሲመጣ እልል ተብሏል፣ ጀርባ አርፏል፣ ሕፃናት ታጥበዋል። በእነሱ ዘንድ ወሬ የሚነገረው ከሰላሙ ጀምሮ ነው፤ ክፉው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አድማጭም እስኪያልቅ ይቀመጣል። ይህን ዴራ ያለ ማንም ሰው ያውቃል። አምስቱን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ የጻፈው የጉለሌ ልጅ ብቻ ነው ግማሹን ሰምቶ እንደ ሙሉ ያተመው።

በዚያው ሰዓት ከከድር ጋር የውሃ ክፍሉ ኃላፊ ቤት ሄድን። ሰውየው ሁሉንም ሰምተው «እኔም ሰው ልኬ ማረጋገጥ ነበረብኝ» አሉ። መኪናዋ ማክሰኞ ከአርቦዬ ተመለሰች፤ ረቡዕ ከመካኒኩ ጋር ተጭኜ ዴራ ሄድኩ። የተበጠሰው የሞተሩ ቺንጋ፣ ያ የላስቲክ ቀበቶ ነበር። መካኒኩ ለመቀየር አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። አንድ ሰዓት! ውሃው ሲንፎለፎል እዚያ የተሰበሰቡት ሴቶች እልል አሉ፤ ከዚያ አንዷ፣ ጠና ያለች፣ ወገቧን ይዛ ወደ እኔ መጣች።

«ጀርባችንን ያሳረፈው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅርታውን እንሰማለን። ኮቱ፣ ኮቱ፣ ና እስቲ!» አለችና እንስራዋን ሞልታ በገመዱ ጀርባዬ ላይ አሳዘለችኝ። ሌሎቹ በሳቅ ፈነዱ። ከፓምፑ እስከ ቤቷ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ሴቶቹ ግራና ቀኝ አጅበው «ጋዜጠኛው፣ ጀርባህ አረፈ?» እያሉ፣ በኦሮምኛም ሌላ እየጨመሩ ሸኙኝ። የጨመሩትን መካኒኩ ሊተረጉምልኝ ፈቃደኛ አልሆነም። ግማሹ ውሃ ቤል ቦተሜ ላይ ፈሰሰ። እሷ ቤት ስደርስ ወተት ሰጡኝ፤ ተቀምጬ፣ እስከ መጨረሻው ጠጣሁ።

ለሚቀጥለው እትም እርማቱን ጻፍኩ። ጽጌ ስቴንስሉን ጠምዝዛ አስገባችና ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አሳረፈች። «ስንት ጊዜ የሳትካቸውን ፊደሎች በቀዩ ፈሳሽ ደፍኜልሃለሁ» አለች። «ይሄኛውን ግን አልችለውም። በትልቁ ልምታው?»

«በትልቁ ምቺው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ።»

መታችው። ያቺ እትም ከሁሉም በላይ ተነበበች ብል ማጋነን አይሆንም።

የታሸገው ፖስታ ግን ጠረጴዛዬ ላይ እንዳለ ነው፤ ግንቦት ደግሞ እያለቀ ነው። ከድር አሁንም አቋሙን አልለወጠም፤ ምክንያቱን ብቻ ለወጠ። «በፊት ጎበዝ ስለሆንክ ነበር ሙያውን ምረጥ ያልኩህ። አሁን ስለማትችል ነው። ሄደህ ተማር!» እውነቱን ነው፣ አልኩ። ነገር ግን ሌላ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ከቅጹ ጋር የላከው መግለጫ በሙያው መስመር መጀመሪያ የሚሰጠው ትምህርት ዜና አጻጻፍ መሆኑን፣ የዜና ሕግ ደግሞ ከባዱን ነገር በመጀመሪያው መስመር ማስቀመጥ መሆኑን ይናገራል። ከባዱ መጀመሪያ፣ ቀላሉ መጨረሻ። የሐጂ ሕግ የዚህ ተቃራኒ ነው። ታዲያ በሐጂ አገር ጋዜጣ እንዴት ይጻፋል? የሚነበበውስ እንዴት ነው? ከባዱን መጀመሪያ ያየ አንባቢ ወሬው ያለቀ መስሎት ይተወው ይሆን? አላወቅሁም። የሚያውቅ ሰውም አላገኘሁም።

ለሁለተኛ ጊዜ ዴራ ወረድኩ፤ በዚህኛው ለማደር ተዘጋጅቼ ነበር። ዝናቡን፣ ሣሩን፣ ከብቱን፣ የጎረቤቱን ሠርግ ሁሉ ሰማሁ። ሐጂ ሲጨርሱ ጠየቅሁ።

«ሐጂ፣ ክፉውን ለምን መጀመሪያ አይነግሩኝም ነበር?»

«መጀመሪያ ብነግርህ ደጉን ታዳምጠዋለህ?»

«አላዳምጥም ይሆናል።»

«አየህ። ደግሞ የመጣኸው ከመንገድ ነው። ቆመሃል፣ ውሃ ጠምቶሃል፣ አባትህ ይሙት ይኑር አላውቅም። እንዴት አድርጌ በዚህ ሰው ላይ ክፉ ወሬ እጥላለሁ? አስቀምጥሃለሁ፣ ሰላምህን እጠይቃለሁ፣ ወተት ትጠጣለህ። ከዚያ በኋላ መሸከም ትችላለህ።» ትንሽ አሰቡና ፈገግ አሉ። «አንተማ እንስራውንም ተሸክመሃል አሉኝ።»

በማግሥቱ ወደ አሰላ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነገሩን በቅደም ተከተል አሰብኩት። ሙያው የሚያስተምረኝ ትልቁ ነገር ሰው ወሬውን እስኪጨርስ መቀመጥና በዓይን ማየት ከሆነ፣ እሱን ዴራ በሁለት ብርና በአንድ እንስራ ውሃ አስተምራኛለች፤ ሁለተኛ አልረሳውም። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር አውቶቡስ ተሳፍሯል። ሰው ለምን እንደዚህ ያወራል? ጋዜጣስ ከሰው አወራር ጋር እንዴት ይታረቃል? ይህን ለመመለስ ብዙ ሐጂዎች ፊት ለረጅም ጊዜ መቀመጥና መመዝገብ ያስፈልጋል። ያ ደግሞ ሁለተኛው ሳጥን ነው። ጋዜጠኛ ሆኜ ስሜ ሲወጣ ማየቱ ቀርቶብኝ ይቆጨኝ እንደሆነ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። አንዳንድ ጠዋት፣ አዎ፣ ጋዜጣ ስገዛ። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ተማሪዎቼም በየዝግጅት ክፍሉ ተቀምጠው ሰው ያዳምጣሉ። ከድር ዛሬም ከኦጎልቾ ሲደውል መጀመሪያ ዝናቡን ነው የሚጠይቀኝ። እኔም አላስቸኩለውም።

ፖስታውን ቀደድኩ። የመጀመሪያውን ሳጥን ሰረዝኩ፤ ሁለተኛው ላይ ምልክት አደረግሁ። ትምክህት የሞላባቸውን አሥር መስመሮች አጠፋሁና በሌላ ወረቀት ላይ አዲስ ጻፍኩ። በሐጂ ሥርዓት ነበር የጻፍኩት። ከአሰላ ዝናብ ጀመርኩ፣ ስለ ጭላሎ ጉም ነገርኳቸው፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ተማሪዎቼ ጤንነት፣ ስለ ጋዜጣችን። ፓምፑ ዴራ የመጣ ዕለት እልል መባሉን ጻፍኩ። በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ብቻ እኔ ምን እንዳደረግሁ፣ ስንት ቀን ሴቶች በእኔ የተነሣ አዋሽ እንደወረዱና ለምን ጥናቱን እንደመረጥኩ ተናገርኩ።

ጽጌ በጽሕፈት መኪናዋ እየመታች ቆም አለች። «መሐል ላይ ሰልችቷቸው ቢተዉትስ?»

«እንግዲያው እኔ የምፈልጋቸው ሰዎች አይደሉም።»

«ወይ ኩራት! እንስራው አልበቃህም ማለት ነው» አለች፤ ግን እስከ መጨረሻው መታችው፤ አንድም ፊደል አልሳተችም። ግንቦት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ቴምብሩን ለጥፌ ላክሁት።

መልሱ የመጣው ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ዝናቡ የሻይ ቤቱን ቆርቆሮ እየደበደበ። ሦስታችን ጥግ ላይ ያለችውን ጠረጴዛ ያዝን። ደብዳቤውን ከድር ከእጄ ነጥቆ ጮክ ብሎ እያነበበ ወደ አማርኛ ይመልሰው ጀመር። የጻፉት የጥናቱ ክፍል ሽማግሌ ፕሮፌሰር ናቸው። ከተማቸው ውስጥ ክረምቱ ረጅም እንደነበር፣ አሁን ግን በረዶው ቀልጦ ዛፉ ማበቡን ይናገራሉ። ከቢሯቸው መስኮት ሥር ወፍ ጎጆ ሠርታለች። ውሻቸው አርጅቷል፣ ግን ይበላል። ባለቤታቸው ደህና ናቸው።

«ኧረ ተቀብለውታል ወይስ አልተቀበሉትም?» አለ ከድር ወረቀቱን እያገላበጠ።

«ዝም ብለህ አንብብ!» አለች ጽጌ። «ይጨርሱ ሰውየው።»

ሁለተኛው ገጽ ላይ ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ እስከ መጨረሻው እንዳነበቡት፣ ለባልደረቦቻቸውም እንዳነበቡላቸው፣ መስከረም ላይ እንደሚጠብቁኝ ጽፈዋል። ጽጌ አጨበጨበች። የሻይ ቤቱ ሰው ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ አብሮ አጨበጨበ። እኔ ግን የከድርን ፊት ነበር የማየው፤ ገና አልጨረሰም፣ ዓይኑ ከታች ያለችው የመጨረሻዋ መስመር ላይ ነው፣ ከንፈሩን ነክሷል፣ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

«ምንድን ነው? ንገረኝ እንጂ!»

«የሙያውን መስመር የመረጡትን አይመለከትም ይላሉ» አለ ሳቁን እየታገለ። «የጥናቱን ለመረጡ ግን ስታቲስቲክስ ግዴታ ነው። ሁለት ሴሚስተር።»

ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ከሒሳብ የሸሸሁ ሰው ነኝ። ከድር ከነወንበሩ ወደቀ። ደግነቱ እኔ ተቀምጬ ነበር፤ ሻዬንም ጠጥቻለሁ።